ቡናው ከምግቡ ይቅደም፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ ብረት እንዳያንስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አሠርቶ ክትትሉን ጅማ ላይ ለሚቀጥል ሰው፣ ለቤተሰቡና ጤና ጣቢያ ላይ ለሚቀበለው ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ቀዶ ሐኪም በየወሩ አይታይም። ስለዚህ ምን መመርመር እንዳለበት፣ ምን በስንት ሰዓት እንደሚዋጥና ምን ሲታይ መሮጥ እንደሚያስፈልግ ቤት ውስጥ መታወቅ አለበት። መድኃኒት መጀመር፣ መጠን መቀየርና ማቆም ግን የሐኪም ሥራ ነው። ያለ ምርመራ የሚዋጥ ብረት የሆድ ውስጥ መድማትን ሸፍኖ ሊያቆይ ይችላል።

ብረቱ የት ይቀራል?

“በደንብ የሚበላ ወፍራም ሰው እንዴት ብረት ያንሰዋል?” የሚለውን ጥያቄ ከታካሚም ከቤተሰብም እንሰማዋለን። የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጉልበት አይደለም፤ ኢንተርሉኪን 6ን የመሳሰሉ ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። ጉበት በዚህ ምክንያት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን በብዛት ያመርታል። ሄፕሲዲን ደግሞ ብረት ከአንጀት ሕዋስ ወደ ደም የሚያልፍበትን ፌሮፖርቲን የተባለ በር ይቆልፋል። ከምግብ የመጣው ብረት ሕዋሱ ውስጥ እንደታገተ ይቆይና ሕዋሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲረግፍ አብሮት በሰገራ ይወጣል። ጉበት ውስጥ ያለው ክምችትም በዚሁ ቁልፍ ይያዛል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ችግር በአብዛኛው የቁልፍ ችግር ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስቡ ሲቀንስ ብግነቱ ይበርዳል፣ ሄፕሲዲን ይወርዳል፣ ቁልፉም ይላላል። ይሁን እንጂ አሁን ችግሩ በሩ ላይ መድረሱ ነው። በስሊቭ ቀዶ ጥገና ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል። የአንጀቱ መንገድ አይነካም፣ ብረትን አሟሙቶ ለመመጠጥ የሚያዘጋጀው አሲድ ግን ይቀንሳል። በባይፓስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ብቻ ትቀራለች፤ ምግቡም ብረት በብዛት የሚመጠጥበትን የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ ያልፋል። በባይፓስ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ መለኪያዎች የሥጋም የእህልም ብረት መመጠጥ ከቀድሞው ከግማሽ በታች እንደሚወርድ አሳይተዋል። ከስሊቭ በኋላ አንዳንዱ ሰው የሚዋጠው ብረት ከበፊቱ በተሻለ ሲሠራለት፣ የባይፓስ ታካሚ ግን በዚያው መጠን ወደ ኋላ የሚቀረው በዚህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ እንግዲህ ወረቀቱን ማግኘት ነው። “ጨጓራዬን ተቆርጫለሁ” ማለት ብቻውን አይበቃም። የመውጫ ማጠቃለያው ላይ ስሊቭ ይሁን ባይፓስ ተጽፎ፣ ፎቶው ስልክዎ ላይ ይቀመጥ። ጅማ ላይ የሚያይዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ደረጃ 1፦ ከቀዶ ጥገናው 2 እስከ 3 ወር አስቀድሞ መመርመር

የሚታዘዙት ምርመራዎች ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ)፣ የሴረም ብረት (ደም ውስጥ ያለው ብረት) ከጠቅላላ ብረት የመያዝ አቅም ጋር፣ ሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳይ)፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ፎሌት ናቸው። ሁሉም በአንድ ላብራቶሪ ላይገኙ ይችላሉ፤ ደም ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። የተወሰነው ናሙና ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ በአንድ ቀን በተቀዳ ደም ይሁን። የተለያየ ሳምንት ላይ የተቀዳ ፌሪቲንና ሲአርፒ ጎን ለጎን አይነበቡም። ደሙን ጠዋት በባዶ ሆድ ይስጡ፤ ብረት የሚወስዱ ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት ያቁሙ።

ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ማንኛውም ትኩሳት ያለበት በሽታ ላይ ሆነው ፌሪቲን አያስለኩ። ፌሪቲን በብግነት ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ባዶ ጎተራን ሙሉ አስመስሎ ያሳያል። ድነው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆዩ።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ፌሪቲን ከ30 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሲአርፒ ምንም ይሁን ምን እጥረት አለ። ከ30 እስከ 100 ሆኖ ሲአርፒ ከ5 ሚ.ግ. በሊትር በላይ፣ የትራንስፈሪን ሙሌት (ብረት አጓጓዡ ፕሮቲን ምን ያህሉ ብረት እንደያዘ የሚያሳየው) ደግሞ ከ20 በመቶ በታች ከሆነም እጥረት ነው፤ ብግነቱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎት ነው እንጂ። ሙሌቱን ለማግኘት የሴረም ብረቱን ለጠቅላላ የመያዝ አቅሙ አካፍለው በ100 ያባዙ። ፌሪቲን ከ100 በላይ ሆኖ ሙሌቱ ዝቅ ካለ ብረቱ አለ፣ ግን ታግቷል። ለዚህ ሰው እንክብል መደራረብ ሆድ ከማድረቅ ያለፈ ብዙ ጥቅም የለውም።

አንድ ነገር በተለይ ጅማ ላይ ይረሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ለሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲ ሊትር የሚለው የደም ማነስ መስመር ለባሕር ጠለል የወጣ ነው። ለጅማ እንደሚከተሉት መመሪያ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ያህል ይጨመርበታል። 12.3 ያላት የጅማ ሴት “ደህና ነሽ” ተብላ ብትመለስ ልክ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቀዳዳውን መድፈን

ደም የሚፈስበት ወይም ብረት የሚያግድ ሌላ ምክንያት እያለ እንክብል መዋጥ በተቀደደ ጆንያ እህል መሙላት ነው። ሦስት ነገር ይፈተሽ።

ሁክወርም የሚባለው የአንጀት ትል በአካባቢው አለ፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ከተገኘ የተለመደው ሕክምና 400 ሚ.ግ. አልቤንዳዞል ነው፤ እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ግን አስቀድማ ለሐኪም ትንገር።

ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የጨጓራ አሲድን ያዛባል፣ የብረት መመጠጥንም ይቀንሳል። በሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይታያል። ምርመራው እንዳይሳሳት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት። ብዙ “ነጻ ነህ” የሚሉ ውጤቶች ኦሜፕራዞል እየተዋጠ የተሠሩ ናቸው። ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ተመርምሮ መጥፋቱ ይረጋገጥ። ከባይፓስ በኋላ የተዘለለውን ጨጓራ በተለመደው መንገድ በካሜራ ማየት ስለማይቻል ይህ ሥራ ከቀዶ ጥገናው በፊት ማለቅ አለበት።

ሦስተኛው የወር አበባ ነው። ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ የረጋ ደም ያለበት ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ ከማህፀን ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 3፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት መሙላት

ፋርማሲ ላይ የብዙ ሰው ስህተት የሚጀምረው ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የጨው ክብደት እንጂ የብረቱ አይደለም። 200 ሚ.ግ. ደረቅ ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ንጹሕ ብረት 65 ሚ.ግ. ነው። 200 ሚ.ግ. ፌረስ ፉማሬትም እንዲሁ 65 ገደማ ይይዛል። 300 ሚ.ግ. ፌረስ ግሉኮኔት ግን 35 ብቻ ነው። ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ከፎሊክ አሲድ ጋር የተቀላቀለ እንክብል 60 ሚ.ግ. ንጹሕ ብረት አለው። ፋርማሲስቱን “ንጹሕ ብረቱ ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁ።

ጠዋትና ማታ ከፋፍሎ መዋጥ የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። 60 ሚ.ግ. ወይም ከዚያ በላይ ብረት ሲዋጥ ሄፕሲዲን ለ24 ሰዓት ያህል ይወጣል፤ በመሃል ከሚዋጠው ቀጣዩ እንክብል የሚመጠጠው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀዶ ጥገና ያላደረጉ ብረት ያነሳቸው ሴቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ቀን እየዘለሉ ጠዋት አንዴ መዋጥ ከእያንዳንዱ እንክብል የሚመጠጠውን ድርሻ ጨምሯል። ሆዱን ለሚያመው ሰው ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት የሚገባ አማራጭ ነው።

ቀዶ ጥገናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ከቀረውና ሄሞግሎቢን ዝቅ ካለ፣ ወይም ሲአርፒ ከፍ ብሎ እንክብሉ ካልሠራ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ይታሰብ። በደም ሥር የሚገባው የአንጀትን በር ጭራሽ አያልፍም። መጠኑ ሲሰላ በወፍራም ሰው ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት አለ። ቀመሩ ክብደት ሲባዛ በጎደለው ሄሞግሎቢን፣ ሲባዛ በ2.4፣ ሲደመር 500 ነው። እዚህ ላይ የሚገባው ክብደት ሚዛኑ ያሳየው ሳይሆን ለቁመቱ የሚገባው ክብደት ነው። ለቁመቱ 60 ኪሎ የሚገባው፣ ሄሞግሎቢኑ 9 ሆኖ ወደ 15 እንዲደርስ የሚፈለግ ሰው 60 × 6 × 2.4 + 500፣ ማለትም 1,364 ሚ.ግ. ያስፈልገዋል። በሚዛኑ 120 ኪሎ ቢሰላ 2,228 ይወጣል፤ ይህ ከሚገባው በላይ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው የብረት ዓይነት አይረን ሱክሮዝ ከሆነ በአንድ ጊዜ 200 ሚ.ግ. ያህል እየተከፋፈለ ይሰጣል። ድንገተኛ አለርጂን ማከም የሚችል ቦታ ላይ ይሁን፤ ካለቀም በኋላ 30 ደቂቃ ተቀምጠው ይጠብቁ። ኢንፌክሽን እያለ አይሰጥም።

ደረጃ 4፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት ወራት

በፈሳሽና በለስላሳ ምግብ ጊዜ የሚታኘክ እንክብል ወይም ሽሮፕ ይቀላል። ሽሮፕ ጥርስ ስለሚያጠቁር ከጠጡ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ። ቀስ እያለ የሚለቅቅ ወይም አሲድ እንዳያሟሟው የተሸፈነ እንክብል አይግዙ። ብረቱን የሚለቅቀው ዘግይቶ፣ ለመመጠጥ የሚመቸውን ቦታ ካለፈ በኋላ ነው። ዋጋው ከፍ ስለሚልና “ሆድ አይነካም” ስለሚባል ሰው ይመርጠዋል። ሆድ የማይነካው ብዙው ሳይለቀቅ ስለሚያልፍ ጭምር ነው።

የመከላከያው መጠን ይህ ነው። ስሊቭም ባይፓስም ያልሆነ ሌላ ቀዶ ጥገና ለተሠራ፣ የደም ማነስ ታሪክ ለሌለው ወንድ ከመልቲቪታሚን የሚገኝ 18 ሚ.ግ. ንጹሕ ብረት በቀን። የወር አበባ ለምታይ ሴት ሁሉ፣ እንዲሁም ስሊቭ ወይም ባይፓስ ለተሠራ ሰው፣ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚ.ግ.። እጥረት ከተረጋገጠ ወደ 150–200 ሚ.ግ. ይወጣል፤ ይህን የሚያዘው ሐኪም ነው።

ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚ.ግ. ይታዘዛል፤ በአንድ ጊዜ ከ500–600 አይበልጥም። አሲድ ለቀነሰበት ጨጓራ ካልሲየም ሲትሬት ከካርቦኔት ይሻላል። ካልሲየም የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንስ ሁለቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቁ። የታይሮይድ መድኃኒት ከብረት 4 ሰዓት ይራቅ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊንም ከብረት ጋር አብረው አይዋጡም።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ቀን ይህን ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፦ ብረት በባዶ ሆድ፣ ከ50–100 ሚሊ ሊትር የተጣራ የዘይቱን ጭማቂ ጋር።
2 ሰዓት ተኩል፦ ቁርስና የመጀመሪያው ካልሲየም።
5 ሰዓት፦ ቡና፣ አንድ ስኒ።
6 ሰዓት ተኩል፦ ምሳ፤ ሥጋው ወይም ምስሩ እዚህ ላይ ይሁን። ወተት፣ ሻይና ካልሲየም የለም።
10 ሰዓት፦ ሁለተኛው ካልሲየም።
ማታ 1 ሰዓት ተኩል፦ እራት። 3 ሰዓት ተኩል፦ ሦስተኛው ካልሲየም።

ጠዋት በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ብረቱን ከምሳ ጋር ይዋጥ። የሚመጠጠው ይቀንሳል፤ ውጦ ከማስታወክ ግን ይሻላል።

ረመዳንን የሚጾሙ በመጀመሪያው ዓመት ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አይጀምሩ፤ ትንሿ ጨጓራ ውሃውን በሌሊት ብቻ ለማካካስ ትቸገራለች። ከተፈቀደ ለሰሁር ሲነሱ መጀመሪያ ብረቱን በጭማቂ ይዋጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይብሉ፣ ከሰሁሩ ጋር ሻይና ወተት ይተዉ። ካልሲየሙ ማፍጠሪያና መኝታ ላይ ይግባ። የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾሙ ደግሞ የሥጋ ብረት ስለሚቋረጥባቸው ምስር፣ ሽምብራና አተር ከዘይቱን፣ ከብርቱካን ወይም ከቃሪያ ጋር አዘውትረው ይመገቡ፤ እንክብሉም አይቋረጥ።

ቡና፣ ጫት፣ ጤፍ

ጅማ ላይ “ቡና ተው” ብሎ መምከር ምክር አይደለም፤ ማንም አይሰማውም። ደግነቱ መተው አያስፈልግም፣ ሰዓቱን ማስተካከል ይበቃል። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ የሚመጠጠውን ብረት ወደ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሻይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ጉዳት አላሳየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። እኛ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፦ ምሳ ይበላል፣ ወዲያው ቡና ይፈላል። አቦሉ ከምሳው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቅረብ፤ ወይም ምሳው ካለፈ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ። ቶናና በረካውን ሌሎች ይጠጡት፤ እርስዎ ተቀምጠው መጫወት ይችላሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ግን ቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቡና አይጠጣም።

ጫትም ብረትን የሚይዝ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ የባሰው ጉዳቱ ግን የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን መብላት ያለበት ሰው ከሰዓት በኋላውን በጫት፣ በሻይና በለስላሳ ካሳለፈ እራቱንም ብረቱንም ያጣል።

“ቀይ ጤፍ ደም ይሞላል” የሚለው ላይ አይደገፉ። ጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ጥሩ ድርሻ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ አንጀት ብዙም አይጠቀምበትም። የጤፉ የራሱ ብረት ደግሞ እህል ውስጥ ባለ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ተይዟል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ሆኖም ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚበላው እንጀራ ጥቂት ጉርሻ ነውና ሕክምና አይሆንም።

ሥጋ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ቁርጥና ጥብስ ከረጢቷ ላይ ይቆማሉ፤ ምንቸት አብሽ ግን ያልፋል። ሥጋው ሁለቴ ተፈጭቶ፣ ቅቤና በርበሬው ቀንሶ፣ በደንብ ይብሰል፤ 50 ግራም ገደማ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ይበላ። ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል ስለሚያመጣ ይቅር። በሳምንት አንዴ ትንሽ የበሰለ ጉበት ጥሩ ነው፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይመከርም። ዘይቱን ከሂርማታ ገበያ ሲገዙ በደንብ የበሰለውን ይምረጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጣጩንና ፍሬውን አስወግደው ጨምቀው ያጥሩት። በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ሦስት አራት እጥፍ ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ክትትልና “ለምን አልሠራም?”

ምርመራው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፌሪቲን አይለካ፤ ቀዶ ጥገናው ራሱ ብግነት ይፈጥራል። በ6ኛው ወር ፌሪቲን ከ120 ወደ 60 ቢወርድ ወዲያው አይደንግጡ። ሲአርፒም አብሮ ወርዶ ሙሌቱ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ፣ የወረደው ብግነቱ ያነፋው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሙሌቱም ከወረደ እውነተኛ እጥረት እየመጣ ነው።

ሕክምና የጀመረ ሰው በ4ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ 1 ግራም መውጣት አለበት። ካልወጣ መጠን ከመጨመር በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይፈተሽ፦ በእርግጥ እየተዋጠ ነው? ከቡና፣ ከወተት ወይም ከካልሲየም ጋር ይጋጫል? ኦሜፕራዞል ከታዘዘለት ጊዜ አልፎ እየተወሰደ ነው? እንክብሉ ቀስ የሚለቅ ዓይነት ነው? የወር አበባው በዝቷል? ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰዳል? እነዚህ ከባይፓስ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ቁስል ስለሚያመጡ ክልክል ናቸው፤ መርፌውም ያው ነው። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ቢ12 እና መዳብ ይታዩ። የቀይ የደም ሕዋስ መጠን መደበኛ መሆኑ አያታልልዎ፤ የብረት እጥረት ሲያሳንሰው የቢ12 እጥረት ሲያተልቀው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ቀጣዩ እርምጃ በደም ሥር ብረት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፌሪቲን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ አይለካ።

ሄሞግሎቢን ሲስተካከል እንክብሉን አያቁሙ። ጎተራው እስኪሞላ የሕክምናው መጠን ሌላ 3 ወር ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ መከላከያው ይወርዳል።

አፈር የመብላት አምሮት፣ ማታ እግር ማሳረፊያ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ልብ መምታት የብረት ማነስ ምልክቶች ናቸው። በ3ኛውና በ6ኛው ወር መካከል የሚታይ የፀጉር መርገፍ ግን ከፈጣን ክብደት መቀነስም ይመጣል፤ በምርመራ ይለይ። ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራ ይጠቁራል፤ ይህ ችግር የለውም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ የሚከረፋ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ራስን መሳት ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ሲኖር ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የቀዶ ጥገናውን ወረቀትም ይያዙ።

እርግዝና ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይ። ካረገዙ በየሦስት ወሩ የደምና የብረት ምርመራ ይደረግ፤ ለሁሉም ነፍሰ ጡር የሚሰጠው አንድ እንክብል ለባይፓስ ታካሚ ላይበቃ ይችላል። እንክብሉ ከረሜላ የሚመስል ቀይ ሽፋን ካለው በተለይ ሕፃናት ከማይደርሱበት፣ ከተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። ጥቂት እንክብል ብቻ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል፤ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።